«ለነገ ይደርስልኛል?» በቤት ኬክ ለሚጋግሩ ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር በቤታቸው ኬክ፣ ብስኩትና ቦምቦሊኖ የሚሠሩ ሰዎች የላኩልኝን ጥያቄ ሰብስቤ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። የብዙዎቹ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ሰዓት አልበቃኝም። እኔ የምሠራው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ከቤቴ ነው፤ አንድ ኦቨን፣ አንድ ፍሪጅ፣ ረዳት የለም። ሠራተኛ ያለው ቤት ከዚህ የሚጠቅመውን መርጦ ይውሰድ።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ቀን ከነሱ ጋር እውላለሁ፤ ማታ ሲተኙ እጀምርና ሌሊት 8 ሰዓት ይሆንብኛል። በቀን ስንት ኬክ ብቀበል ይሻላል?

መጀመሪያ ፍሪጅሽን ክፈቺው። ድሬ ላይ የሚገድበን ኦቨኑ አይደለም፣ ፍሪጁ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ክሬም የተቀባ ኬክ ጠረጴዛ ላይ አይቆምም፤ ቅቤ ገና 32 ዲግሪ አካባቢ መፍሰስ ይጀምራል። የቤቱን ምግብ ወደ ታች አውርደሽ፣ አንዱን መደርደሪያ አውጥተሽ፣ ባዶ የኬክ ሳጥን አስገብተሽ ሞክሪ። ሁለት ከገባ የቀን ልክሽ ሁለት ነው። ሦስተኛው ጠያቂ ማንም ይሁን ማን፣ ልክሽ ሁለት ነው። ይህን ቁጥር ስልኩ ከመጮኹ በፊት ነው መወሰን ያለብሽ። ሰው መስመር ላይ እየጠበቀሽ የሚወሰን ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ይጨምራል።

ቀጥሎ ሰዓቱ። አንድ መካከለኛ የልደት ኬክ ከነማጠቡ፣ ከነማሸጉ፣ ከደንበኛ ጋር ከሚወራው ጋር እጅሽን ሦስት ሰዓት ያህል ይይዛል። ኦቨን ውስጥ ያለበትንና የሚቀዘቅዝበትን አልቆጠርኩም። አብሮት የሚሠራ ሁለተኛ ኬክ ግን ሌላ ሦስት ሰዓት አይፈልግም፤ መመዘኑ፣ መምታቱና ማጠቡ አንድ ላይ ስለሚያልቅ የግማሹን ያህል ቢጨምር ነው። ጊዜ የሚበላሽ በየቀኑ አንድ አንድ ኬክ ከዱቄት እስከ ጽሑፍ ስትሠሪ ነው።

ስለዚህ ሥራውን በቀን ከፋፍይው። አንድ ቀን የሳምንቱን ስፖንጅ (ገና ክሬም ያልተቀባውን ኬክ) በሙሉ ጋግሪ። ትንሽ ሞቅ እንዳለ በፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልይና ፍሪዘር ክተቺ፤ አንድ ወር ያለ ችግር ይቀመጣል። «ይደርቃል» የሚሉ አሉ። ስፖንጅ የሚያደርቀው ፍሪጅ ነው፤ በደንብ የተጠቀለለ ከሆነ ፍሪዘር ምንም አያደርገውም። እንዲያውም ቀዝቀዝ ያለ ስፖንጅ ስትቆርጪው አይፈረፈርም። በማስረከቢያው ዋዜማ መሐሉን በክሬም ትሞያለሽ፣ ስስ ቅብ ትቀቢያለሽ። በማስረከቢያው ቀን ጠዋት ማስዋብ ብቻ ይቀርሻል።

ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ የምትቆይበትን ደግሞ ገልብጪው። ከልጆቹ ጋር ተኚ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሺ። ያኔ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ክሬሙ ይታዘዛል፣ ኦቨን ቤቱን አያቃጥለውም። ከቀትር በኋላ ድሬ ራሷ ትተኛለች፤ ሱቁም ጫት ላይ ነው፣ ደንበኛውም ጫት ላይ ነው። ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ክሬም አትንኪ። ሳጥን እጠፊ፣ ሒሳብ ሥሪ፣ ወይ ከልጆቹ ጋር ጋደም በይ።

ጥያቄ (ከአዲስ ከተማ)፦ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ የሰጠችኝ አሠራር እዚህ ይደነድንብኛል። ደጋግሜ ስጋግር ቀኑ ያልቃል።

እጅሽ ላይ ጥፋት የለም፣ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኬክ ቶሎ ይነፋና ይወድቃል። ስለዚህ እዚያ ያሉት ቤኪንግ ፓውደሩን ይቀንሱታል፣ ፈሳሹን ይጨምሩታል። ያንን ወደ እኛ ስታወርጂው መነፋቱ ያንሳል፣ እርጥበቱ ይበዛል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ የሻይ ማንኪያ ጨምሪ፣ ፈሳሹን በሾርባ ማንኪያ ቀንሺ፤ በአንድ ትንሽ ትሪ ሞክረሽ የሠራልሽን ጻፊው። ሐረር ያላችሁ ደግሞ ከእኛ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆናችሁ በተቃራኒው ናችሁ፤ ከኢንተርኔት የወሰዳችሁት አሠራር መሐሉ ከሰመጠባችሁ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሱ።

ጥያቄ፦ መብራት ይጠፋል። ለዚህ ምን ዕቅድ ይወጣል?

ሦስት ነገር ልበል። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ 24 ሰዓት። በእኛ ሙቀት ከዚህ አሳንሳችሁ ቁጠሩ፤ ቦታ ካለ ፍሪዘሩን በውኃ ጠርሙስ ሙሉት። ኦቨን ውስጥ እያለ ከጠፋና ኬኩ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ በሩን አትንኩ፤ የቀረው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይጨርሰዋል። ገና ከገባ ግን አለቀለት፣ በሱ ላይ ሰዓት አታባክኑ።

በዚያ ላይ እንቁላልና ወተት ያለበት ክሬም ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ውጪ ከቆየ አይበላም። ሳጥኑ ላይ «ወዲያው ፍሪጅ ይግባ» ብላችሁ ጻፉ። ደንበኛው ልደቱ ላይ ሦስት ሰዓት አቆይቶ «ኬክሽ ሆዴን አመመኝ» ሲል የሚከራከርላችሁ ጽሑፉ ነው።

ጥያቄ (ከለገሃሬ)፦ ሐሙስ ማታ ደውለው «ለነገ ይደርስልኛል?» ይሉኛል። ዘመድ ሲሆን ደግሞ ሒሳብ መጠየቅ ያሳፍረኛል። አክስቴ ብቻዋን ስንቱን ወሰደች!

አቦ፣ የሁላችንም በሽታ! ይሉኝታ ከኦቨን በላይ ሰዓት ይበላል።

ለማያውቁሽ ደንበኞች ቀላል ነው። የልደት ኬክ በሦስት ቀን፣ የሰርግ በሦስት ሳምንት ቀድሞ ይታዘዛል። ግማሽ ቀብድ በቴሌብር ካልገባ ደብተር ላይ አይሰፍርም። መልሱን አንድ ጊዜ አሳምረሽ ጽፈሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪና ለጠየቀሽ ሁሉ እሱን ላኪ፤ በየቀኑ አዲስ ይቅርታ አትፍጠሪ። «ለነገ» ላለሽ ሰው ፍሪዘር ውስጥ ያለ ስፖንጅ ካለሽ አንድ ዓይነት ብቻ ስጪው፦ ክብ፣ ነጭ ክሬም፣ ስም ብቻ የተጻፈበት፣ ዋጋው ከፍ ያለ። ምርጫ የለውም። ብዙዎቹ «እሺ» ይላሉ፤ የቀሩት በሚቀጥለው ቀደም ብለው ይደውላሉ።

ዘመድ ሌላ ነገር ነው። «አልሠራም» ማለት እዚህ አገር አይቻልም፤ ቢቻልም ደስ አይልም። እኔ የማደርገው ስጦታውን ራሴ መወሰን ነው። በወር አንድ የዘመድ ኬክ አለኝ፤ እሱ በነፃ ነው፣ ከልቤ ነው የምሠራው። የወሩ ከተያዘ «አክስቴ፣ የዚህ ወር ለእገሊት ልጅ ሆኗል፤ የሚቀጥለው ያንቺ ነው፤ አሁን ከፈለግሽ ግን በዕቃው ዋጋ» እላታለሁ። አክስት አኩርፋ ትቀራለች ብለሽ አትስጊ። ለድግሷ መምጣትሽን እንጂ ኬኩን ብቻ አትቆጥርም።

ስለ ማስዋብም አንድ ነገር ልጨምር። «ቲክቶክ ላይ ያየሁትን» የሚሉትን ፎቶ ሲልኩልሽ ዋጋውን በኪሎ አትንገሪ። የኬኩ መጠን እኩል ሆኖ አንዱ ሃያ ደቂቃ፣ ሌላው አራት ሰዓት ይፈልጋል። የእጅሽን ዋጋ በሰዓት ወስነሽ ከዕቃ፣ ከመብራት፣ ከሳጥንና ከባጃጅ ላይ ደምሪው። ያኔ የፎንዳንት (የስኳር ሊጥ) ጽጌረዳው ስንት እንደሚሆን ስትነግሪው ግማሹ ደንበኛ ራሱ ያቀለዋል። ሰዓትሽ ተመለሰልሽ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከቀፊራ አካባቢ)፦ ቦምቦሊኖ ለቁርስ ለሱቆች አቀርባለሁ። ማታ 2 ሰዓት አቡክቼ ጠዋት ስነሳ ሊጡ አልፎበት ኮምጥጦ አገኘዋለሁ። ሌሊት ተነስቼ ላቡካ?

አትነሺ። እርሾውን በግማሽ ቀንሺ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አቡኪ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ወዲያው ፍሪጅ አስገቢ። ውጪ ካቆየሽው በእኛ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሮጣል። ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ያድራል፤ ጣዕሙም የተሻለ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት አውጥተሽ ድቡልቡል አድርጊው፤ እስኪነፋ ዘይቱን አዘጋጂ። በረመዳን ሰዓቱ ይገለበጣል፦ ጠዋት ታቦኪያለሽ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል መጥበስ ትጀምሪያለሽ፤ ለአፍጥር ሞቆ መድረስ አለበት።

ጥያቄ፦ አንዱ ወር ይጨናነቃል፣ አንዱ ወር ባዶ ነው። እንዴት ይገመታል?

ሁለት የቀን መቁጠሪያ፣ የኢትዮጵያንና የሂጅራን፣ ጎን ለጎን ስቀሉ። ጥር ሰርግ ነው፤ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። በ2017ም በ2018ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተያይዘው ስለገቡ ብዙዎቻችን የቀን ገበያ አጣን፤ ማታ ማታ ብቻ ሸጥን። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ሁለቱ እየተለያዩ ይሄዳሉ፤ ባዶው ወቅትም ይሰበራል። ሐረር ላላችሁ ኢድ ብቻ አይደለም፤ በሳምንቱ ሸዋል ኢድ አለ። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. ከመዘገበው ወዲህ ስሙ ሩቅ ድረስ ተሰምቷልና በነዚያ ቀናት ሌላ ትልቅ ትእዛዝ አትያዙ።

ድሬ ላይ ሰው የሚረሳው ታኅሣሥ 19ን ነው። ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣው እንግዳ ከተማውን ይሞላዋል፤ ባጃጅ በዋጋም አይገኝም። ደግሞ የነቢያት ጾም ውስጥ ስለሆነ የሚጠየቀው የጾም ኬክ ነው። የሐምሌ 19ኙ የገብርኤል በዓል ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ ፍስክ ነው፣ የታኅሣሥ 19ኙ አይደለም። የጾም ኬክ በዘይት፣ በውኃ፣ በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ የሚሠራ ከሆነ ውህዱ አይጠብቅም፤ ኮምጣጤው ሶዳውን ሲነካ መንፋት ይጀምራልና ኦቨኑ ቀድሞ ይሙቅ። ሁለት ዙር ካለሽ ለሁለተኛው ፈሳሹን ለብቻ አቆይው። በአሥረኛው ቀን ገና ስለሚገባ ዕቃ ለሁለቱም አንድ ላይ ግዙ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጀጎል)፦ ድሬ ለሰርግ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ታዘዝኩ። ተሠርቶ ልውሰደው ወይስ እዚያ ልገጣጥመው?

እዚያ ገጣጥሚው። የደንገጎ ጠመዝማዛ የቆመ ኬክ አይምርም። በዚያ ላይ ከሐረር ወደ ድሬ የሚወርድ ኬክ እየሞቀ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱን ፎቅ ለየብቻ በሳጥን፣ ሌሊቱን ፍሪጅ አሳድረሽ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳያልፍ ተነሺ። መኪናው ውስጥ ወንበር ላይ አታስቀምጪ፣ ወንበር ያዘነብላል፤ ወለል ላይ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ጨርቅ አድርገሽ። ለመግጠሚያ ዘንጎቹን፣ ትንሽ ክሬምና ስፓቱላ ያዢ። ያ ቀን ሙሉውን የሰርጉ ነው፤ ሌላ ትእዛዝ አትቀበይ፣ ዋጋው ውስጥም ቀኑን አስገቢው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ናት የምትጋግረው፣ በጣም እየደከማት ነው። ሠራተኛ ልቅጠርላት?

ወንድሜ፣ ገና አትቅጠር። ዕቃ ማጠቡን፣ ሳጥን ማጠፉን፣ ስልክ መመለሱንና ባጃጅ መሸኘቱን አንተ ያዘው። አንድ ወር ሞክረህ ካልበቃ ያኔ እናውራ።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ልጄ፣ እኔ ለኢድ ብስኩት የምሠራ ትልቅ ሴት ነኝ። በስልክ መመዝገቡን አልችልበትም። ትእዛዝ ይምታታብኛል።

ድሬ አንቱታ አታውቅም ይባላል፤ እኔ ግን ለእናቶች አልደፍርም። እማማ፣ ስልኩን ይተዉት። ወጥ ቤትዎ ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ይለጥፉ፤ የሚረከቡበት ቀን፣ የሰውየው ስም፣ ስንት ኪሎ፣ ቀብድ ከፍሏል ወይስ አልከፈለም። ያስረከቡትን በቀይ ይሰርዙት። ብስኩት ከኬክ የሚሻለው ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ሁለት ሳምንት ያለ ፍሪጅ ስለሚቀመጥ ነው፤ ለኢድ ከአሥር ቀን በፊት ይጀምሩ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀን ለማሸግ ብቻ ይተዉ።

ጥያቄ፦ በሳምንት አንድ ቀን ልዝጋ ብል የቱን?

ረቡዕን። ጾም ስለሆነ ትእዛዙ ይቀንሳል፤ የቅዳሜና የእሑዱ ሥራ ደግሞ ገና አልጀመረም። ዓርብም ጾም ነው፣ ግን የቅዳሜ ዝግጅት አለበት። ዱቄትና ስኳር ማክሰኞ ግዢ፤ አለበለዚያ ረቡዕ የዕረፍት ቀን መሆኑ ቀርቶ የገበያ ቀን ይሆንብሻል። ስልኩ ላይ «ረቡዕ ዝግ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት እመልሳለሁ» የሚለውን አስቀምጠሽ ድምፁን ዝጊው።