«በመከናወን ላይ ይገኛል» ምን በደለ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ለአንድ ጋዜጣ ዜና እልካለሁ። አርታኢው ግን ግማሹን እየሰረዘ ነው የሚያወጣው። «በመከናወን ላይ ይገኛል» ስል አይወድም። «የሚታወስ ነው»ን አያሳልፍም። «ወደ ላይ ወጣ»ን ይቆርጣል። ባለፈው ደግሞ «አልቅሳ አልቅሳ ዝም አለች» ብዬ ብልክ አንዱን «አልቅሳ» አጠፋው። ሁሉንም «ትርፍ ቃል» ነው የሚለው። የሰዋስው ስህተት ከሌለው ምን አገባው? ወይስ እውነቱን ነው?

መልስ፦ እኔ ደህና ነኝ። የድሬ ልጅ ሆነህ «እርስዎ» ስትለኝ ገርሞኛል፤ እናንተ አገር አንቱታ ብዙም አይታወቅም ሲባል ነው የምሰማው። እኔ በአገርህ ደንብ «አንተ» እልሃለሁ።

አርታኢህ አብዛኛውን ልክ ነው፣ አንዳንዱን ግን አበላሽቶብሃል። ሰዋስው አልተጣሰም ያልከው እውነት ነው፤ ትርፍ ቃል ግን ብዙ ጊዜ ሰዋስው አይጥስም፣ ለዚህም ነው ተመቻችቶ የሚቀመጠው። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ቃሉ ሥራ አለው ወይ? ሲወጣ የሚጎድል ነገር ከሌለ ይውጣ።

እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር እንይ፤ ምሳሌውን እኔው ነኝ የሠራሁት። «በደቻቱ ወንዝ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ የመገንባት ሥራ በመከናወን ላይ እንደሚገኝ ተገለጸ።» ግሱ የታለ? «መገንባት» ነበር፣ ግን ስም አድርገውት «ሥራ» የሚል ተሸከመ። «ሥራ» ደግሞ ብቻውን ስለማይቆም «መከናወን» መጣለት። «መከናወን» በተራው «ላይ»ን ጠራ፣ «ላይ» ደግሞ «ይገኛል»ን። አንድ ግስ ከቦታው ስለተነሳ ብቻ አራት ቃል ተሰለፈ! «ግንብ እየተገነባ ነው» ብትል ያው ነው። «ይገኛል»ን እኔ የማስቀምጣት ለቦታ ነው፤ ጀጎል ሐረር ይገኛል ማለት ይቻላል። ግንባታ ግን ጠፍቶ አልነበረም የሚገኘው።

ይህ አጻጻፍ ከየት መጣ ካልከኝ፣ ከቢሮ ሪፖርት ነው። ሪፖርት ጸሐፊው ማን እንደሠራ፣ ምን ያህል እንደሠራ ባይነገርበት ይመርጣል፤ «ተግባራት ተከናውነዋል» ብሎ ይገላገላል። ዘጋቢው ደግሞ መግለጫውን ይዞ ይመጣና ሰዓት ሲያጥረው እንዳለ ይገለብጠዋል።

«ተገለጸ»ን ግን ዝም ብለህ አትሰርዛት። ግንቡ ሲሠራ በዓይንህ አይተህ ከሆነ ትውጣ። ሰው ነግሮህ ከሆነ የነገረህን ሰው በቦታዋ አስገባ። እዚህ ላይ ትርፉ ቃሉ ሳይሆን የተደበቀው ሰው ነው። ሰውየው ከተገኘ በኋላም «ገለጹ፣ አስታወቁ፣ አብራሩ፣ አክለውም ጠቆሙ፣ አያይዘውም አሳሰቡ» እያልክ አትዙር። «አሉ» የምትባል የታወቀች ቃል አለችልን። ምንም ሳያብራሩ «አብራሩ» የሚባሉ ኃላፊዎችን ስንት ጊዜ አነበብን! አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ «ውሃ ነገ ይለቀቃል አሉ» ብለህ ባለቤቱን ከተውክ ዜናው ወሬ ይሆናል። በንግግራችን «አሉ» የሰሚ ሰሚም ነው። ስሙን አስጠጋላት።

«የሚታወስ ነው»ስ? በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ይህን ጽፈህ «የሚታወስ ነው» ብትል ለማን ነው? የሚያስታውሰው ሰው አንተን አልጠበቀም። የማያስታውሰው፣ ያኔ ያልተወለደው፣ «የሚታወስ ነው» ስለተባለ አያስታውስም። የሆነውን ንገረውና እለፍ።

አሁን ወዳበላሸብህ። «ወደ ታች ወረደ» ብለህ ጽፈህ ቢሆን ኖሮ እኔም እቆርጠው ነበር፤ መውረድ ሁሌም ወደ ታች ነው። እኔ ያለሁት ሐረር ነው፣ ድሬ እወርዳለሁ፣ ማንም «ወዴት?» ብሎ አይጠይቀኝም። «ወደ ውስጥ ገባ»፣ «ወደ ኋላ ተመለሰ» እነሱም እንደዚያው ናቸው። «ወጣ» ግን ሁለት ቦታ ነው የሚሠራው። ሰው ከቤት ይወጣል፣ ዳገትም ይወጣል። «ልጁ ወጣ» ሲባል ደጅ ነው ወይስ ጣሪያ ላይ? ዋጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። «የጫት ዋጋ ወጣ» ካልክ አንዱ ተመን ተቆረጠ ብሎ ሊረዳህ ይችላል፣ ሌላው ተወደደ ብሎ። ስለዚህ «ወደ ላይ» እዚያ ሥራ አላት። እርግጥ «ተወደደ» ብትል ጣጣው ሁሉ ይቀርልህ ነበር።

«አልቅሳ አልቅሳ»ን መሰረዙ ግን አናዶኛል። «አልቅሳ ዝም አለች» ማለት ትንሽ አለቀሰች፣ ተወች ነው። «አልቅሳ አልቅሳ ዝም አለች» ስትል ግን ለቅሶው ረዝሟል፣ ሴትዮዋ ደክማለች፣ እንባዋም አልቋል። ይህን በሌላ መንገድ ለመናገር «ለረጅም ሰዓት በከፍተኛ ሁኔታ ካለቀሰች በኋላ» የሚል ጉድ ልትጽፍ ነው። የቱ ነው አጭሩ? አማርኛ ቃል ሲደግም ብዙውን ጊዜ የሚጨምረው ነገር አለ፤ «ለምኖ ለምኖ አገኘ»፣ «ደጅ ደጁን ያያል»፣ «ብቻ ብቻቸውን ተቀመጡ»። አርታኢህ ሁለት አንድ ዓይነት ቃል ጎን ለጎን ባየ ቁጥር መቀሱን የሚያነሳ ከሆነ ተከራከረው። ይህን አንቀጽ ብታሳየውም አልቀየምም።

በነካ እጄ፣ ሳትጠይቀኝ ልጨምር። «መምህራኖች፣ ሕፃናቶች፣ ካህናቶች» ሁለት ጊዜ የበዙ ናቸው፤ «መምህራን» ወይም «መምህሮች» በል፣ ደስ ያለህን። «ቢያንስ ከ50 በላይ» ስትል አንዱን ምረጥ። «ወደ 50 ገደማ የሚጠጉ» ሲባልማ ሦስቱም ቃል አንድ ነገር ነው የሚለው፣ አንዷ ትበቃለች። «የተለያዩ»ን ደግሞ ታይዋን ገበያ ሄደህ «የተለያዩ ዕቃዎች አየሁ» ከማለት ያየኸውን ብትጠራልን እንወድሃለን።

አንዷን ግን አርታኢህም ሳያያት የሚያልፋት ይመስለኛል፣ ቀድመህ ያዛት። ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። ይህንን «እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም.» ብለው የሚጽፉ ሞልተዋል። «እ.ኤ.አ.» ካልክ የፈረንጁን ቆጠራ ይዘሃል፣ «ዓ.ም.» የኛው ዓመተ ምሕረት ነው። ሁለቱን አንድ ቁጥር ላይ ስታስር አንባቢው ስምንት ዓመት ይስታል፤ በ2006 ዓ.ም.ማ ጀጎል ከተመዘገበ ቆይቷል።