የዘፈን ሸክላ የጠፋባችሁ ኑ፦ ከጋሽ መርፌ ጋር የአንድ ምሽት ጥያቄና መልስ

ጋሽ መርፌ፦ እንደምን አመሻችሁ። እስከ አራት ሰዓት አለሁ። ከዚያ በኋላ መብራት ባይጠፋም እኔ እጠፋለሁ። ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ዋጋ አትጠይቁኝ። ሁለተኛ፣ ሸክላ በአልኮል አትጥረጉ። ሦስተኛ፣ የምጠራው ዓመት የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ። በሉ እንግዲህ።

የገርጂው፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። ከአባቴ የወረስኳቸው 12 ሸክላዎች አሉኝ። ስንት ያወጣሉ?

ጋሽ መርፌ፦ አንደኛውን አላነበብክም። ቀጣይ።

ቤቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰላም ጋሽዬ። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትወጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛው የመጣች አንድ ትንሽ ሸክላ አለ። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ተልጧል። ጥግ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ይታያል። የማን ሊሆን ይችላል?

ጋሽ መርፌ፦ ሰማያዊ ብቻውን ምን ይነግረኛል ልጄ? ሰማይም ሰማያዊ ነው። ቆይ፣ እንዴት እንደሚለይ ከታች እጽፋለሁ። አንብቢና ተመለሺ።

አቤል 45፦ የአምሃ ሬከርድስ ሸክላ ኦሪጅናል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጋሽ መርፌ፦ አሁን ወሬ ጀመርን። «ኦሪጅናል» የምትለዋን ቃል ሻጭ ሲጠራት ጆሮህን ድፈን። ቃሉን ትተህ ዕቃውን እይ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕጉ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ግለሰብ አይነካውም። አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት በ1969 ያንን ሕግ ጥሶ የራሱን ሸክላ አወጣ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ በአንዱ ፊት «ትማርኪያለሽ»፣ በሌላው «ያ ታራ»። ሰው ይታሰራል ብሎ ሲጠብቅ ሸክላው ተቸበቸበ። አምሃ በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላና 12 ትልልቁን አውጥቷል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ወሰን ያለው ነገር ነው የምንፈልገው፣ ባሕር አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም። ቴፑ እዚህ ይቀረጽና ሸክላው ውጭ ታትሞ ይመጣል። አምሃ መጀመሪያ ህንድ ነው ያሳተመው፣ ኋላ ሊባኖስ። ስለዚህ የአንዱ ሸክላ ወፍራም፣ የሌላው ስስ ሆኖ ብታገኘው አትደንግጥ፤ ውፍረት የኦሪጅናልነት ምልክት አይደለም። ወረቀቱም አያስተማምንም። ይላጣል፣ ይለጠፋል፣ ዛሬ ደግሞ በጥሩ ማተሚያ ይባዛል።

የማይዋሸው ቀለበቱ ነው። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ መርፌው የሚንሸራተትበት ለስላሳ ቀለበት አለ፤ በወረቀቱና በመጨረሻው መስመር መካከል። ሸክላውን ፊትህ አጠገብ ያዝና መብራት ስር ወደ ጎን አዘንብለው። የተጫረ ወይም የተቀረጸ ቁጥር ታያለህ። የአምሃዎቹ በላቲን ኤ እና ኢ ይጀምራሉ፤ የራሱ ስም መነሻ ነው። ካይፋ የሚባለው የሌላው አሳታሚ ደግሞ በኬ እና ኤፍ። ሻጭ ፎቶ ሲልክልህ ወረቀቱን ብቻ ከላከ የቀለበቱንም አምጣ በለው። እምቢ ካለ ተወው።

ቤቲም ይህንን አንብቢ።

የገርጂው፦ ጋሼ፣ ግምት ብቻ ይንገሩኝ፣ በግምት?

ጋሽ መርፌ፦ በግምትም አልናገርም።

ሰናይት፦ በኢንተርኔት «1965» ተብሎ የተዘረዘረ የአምሃ ሸክላ አየሁ። ይቻላል?

ጋሽ መርፌ፦ አምሃ ሬከርድስ ሳይወለድ በ4 ዓመት ቀድሞ የወጣ ሸክላ! ምን እንደሆነ ልንገርሽ። የድሮ ባለቤቶች ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፉ ነበር። «ከወንድምህ፣ ለጥምቀት፣ 1965»። የእኛ አቆጣጠር ነው። በፈረንጅ 1972 ወይም 73 ይመጣል። ሻጩ ፈረንጅ ወይም እዚያ ያደገ ልጅ ይሆንና እንዳለ ይገለብጠዋል። የእጅ ጽሑፉን እንዳትፍቂው ብቻ። ብዙ ሰው ዕቃ የሚያበላሽ ይመስለዋል። ለእኔ ግማሹ ሸክላ እሱ ነው።

ሚኪ፦ ጋሼ፣ ያገኘሁት ሸክላ ሲጫወት ጥላሁን የሰባ ዓመት ሽማግሌ ይመስላል። ተበላሽቶ ነው?

ጋሽ መርፌ፦ ትንሹን ሸክላ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን፣ በ33 እያጫወትክ ነው። ቁልፏን አዙራት።

ሚኪ፦ 😂 ተስተካከለ። እግዜር ይስጥልኝ።

ወይዘሮ አ.፦ ትንሽ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው። ሸክላዎቹ አቧራና ሻጋታ አላቸው። በሳኒታይዘር ብጠርጋቸውስ?

ጋሽ መርፌ፦ እትዬ፣ ሳኒታይዘር አልኮል ነው። በድጋሚ፦ በአልኮል አትጥረጉ። በተለይ የ78ቱ፣ ያ ወፍራሙና ከወደቀ የሚሰበረው፣ ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው የተሠራው። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። ጠርጌ አጸዳሁ ሲሉ ዘፈኑ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ለብ ያለ የተጣራ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። መስመሩን ተከትለው በክብ ይጥረጉ፣ አቋርጠው አይደለም። ወረቀቱ ውሃ አይንካው። ከዚያ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ እንደ እንጀራ አይደራርቡ።

መምህሩ፦ ሼላክ ካሉ አይቀር፣ «ሸክላ» የሚለው ስም የመጣው ከሼላክ ይመስለኛል። ቃሉ ተገልብጦ ነው።

የኮምቦልቻው፦ ኧረ ባክህ። ሸክላ ስለሚሰበር ነው ሸክላ የተባለው። ማሰሮ ከወደቀ ምን ይሆናል? እሱም እንደዚያው።

መምህሩ፦ ሁለቱ ድምፅ በአጋጣሚ ተመሳሰለ ልትል ነው?

የኮምቦልቻው፦ ታዲያ ጡቡም ከሼላክ ነው የመጣው?

መምህሩ፦ ጡቡ ሌላ፣ ይሄ ሌላ!

ጋሽ መርፌ፦ ሁለታችሁም ማስረጃ የላችሁም፤ ሁለታችሁም ደስ ትላላችሁ። ውጭ ወጥታችሁ ተከራከሩ።

ሉሊት፦ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሸክላ የማን ነው?

ጋሽ መርፌ፦ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ። በ1908 ምኒልክ መኪና እንዲማር ጀርመን ልከውት እዚያ ዘፈነ። መኪና ሊማር ሄዶ ሸክላ ይዞ መጣ። በ2011 ኢትዮፒክስ የሚባለው የድሮ ዘፈኖቻችን የሲዲ ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆኖ ወጥቷል። ስሚው፣ ቅኔው ዛሬም ያስቃል።

ዘላለም ፒያሳ፦ ኢትዮፒክስ ካሉ አንድ ነገር ልበል። ፈረንጅ ሸክላችንን ጠራርጎ ወሰደው። ዛሬ የአባቶቻችንን ዘፈን ከፓሪስና ከቶኪዮ በዩሮ መልሰን እየገዛን ነው።

የሐረር ልጅ፦ ባይወስዱትስ? ለምጣድ ማገዶ ነበር የሚሆነው። መሃሙድን ዓለም ያወቀው ቤልጂጎች በ1986 «ኧረ መላ መላ»ን መልሰው ስላሳተሙት ነው። እኛ ምን አደረግን?

ዘላለም ፒያሳ፦ እኛማ ከፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበር የምንሰማው። ፒያሳም በ2016 ፈረሰ፣ በእኛ አቆጣጠር። አሁን የት ሄደህ ትጠይቃለህ?

የሐረር ልጅ፦ ሸክላው ከፒያሳ የጠፋው ፒያሳ ሳይፈርስ 30 ዓመት ቀድሞ ነው ወንድሜ።

ጋሽ መርፌ፦ ቆይ፣ ቆይ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 ኢትዮፒክስን ሲጀምር እኔም እንደ ዘላለም ተናድጄ ነበር። ከዚያ ሲዲውን ገዛሁ። ገዝቼ ስሰማ ደግሞ አለቀስኩ። ምክንያቱም ያ ሸክላ እቤቴ ነበር።

ነበር ነው የምላችሁ። በ1980ዎቹ፣ በእኛ፣ ሁለት ካርቶን ሙሉ ሸክላ ሸጫለሁ። ካሴት መጥቶ ነበር፤ ሸክላ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ያደርጋል አልን። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶብኝ ነበር። ገዢው በኪሎ ሊመዝነው ምንም አልቀረው። ማንም ፈረንጅ አልቀማኝም፣ በእጄ ቆጥሬ አስረከብኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምፈልገው ያንን ካርቶን ነው። እስካሁን 31 መልሻለሁ። የራሴው ሸክላዎች አይደሉም፣ ወንድሞቻቸው ናቸው።

እና ለሁለታችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ሲዲው የመረጠውን ነው የሰጠን። የትንሽ ሸክላ ሁለት ፊት አለው። ፊቱ ይታወቃል፣ በሬዲዮ ይደጋገማል። ጀርባውን ማን ሰማው? እኔ የማድነው ጀርባውን ነው። እናንተም ሸክላ በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ገልብጡት።

አቤል 45፦ የት ነው ታዲያ የሚፈለገው? ቸርችል ጎዳና ያሉት የቱሪስት ዕቃ ቤቶች ዋጋቸው አይቀመስም።

ጋሽ መርፌ፦ ቸርችል ላይ ታያለህ እንጂ አትገዛም። ፍለጋ ማለት ሰው ቤት ነው። አዛውንት ያሉበት፣ ግቢው ሰፊ የሆነ፣ ቆጥ ወይም ጓዳ ያለው ቤት። የክፍለ ሀገር የድሮ ሆቴል። ከቡና ቤት ጁክ ቦክስ የወጣ ሸክላ ግን መርፌ ያረሰው ነውና ሳትሰማ አትግዛ። እደግመዋለሁ፦ ሳትሰማ አትግዛ።

አንዴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ለሸክላ አይደለም፣ ለለቅሶ ነው የሄድኩት። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ እንስራው ስጠጋ፣ እንስራውን የከደነው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? 45 ሸክላ። ልክክ ብሏል። ቀዳዳውን በቡሽ ወትፈውታል። ከላይ ስኒ ተደፍቶበታል። ለቅሶ ቤት ነው፣ ምን ልበል? ሦስት ቀን እየተመላለስኩ ከዚያ እንስራ ውሃ ጠጣሁ። ሠልስቱ ሲወጣ ጠየቅኳቸው። «እሱን ነው? ውሰደው፣ ግን ክዳን ታመጣልኛለህ» አሉ። ከገበያ የእንጨት ክዳን አስጠርቤ ወሰድኩ። ወደ ውሃው የዞረው ፊት ወረቀቱ ሙልጭ ብሎ ሄዷል። ቀለበቱ ላይ ግን ኤ እና ኢ ቁልጭ ብለው አሉ። ቡሹን ነቅዬ አጥቤ ሳጫውተው፣ ውሃ ዳር የኖረው ፊት ከላይኛው ይልቅ ንጹሕ ነበር። ላዩን ስኒው ፍቆታል።

ሰናይት፦ ጋሽዬ ለቅሶ ቤት! 😂

ጋሽ መርፌ፦ ነፍሳቸውን ይማር፣ ሟቹም ይስቁ ነበር።

ፍቅሬ ዲሲ፦ በላቲን ስፈልግ ግማሹን አላገኝም። መላ አለው?

ጋሽ መርፌ፦ አለው። የእኛን ስም ፈረንሳዮቹ በአንድ መንገድ፣ እንግሊዝኛ የለመደው በሌላ መንገድ ይጽፋል። «ቸ»ን ፈረንሳዩ በሦስት የላቲን ፊደል፣ እንግሊዝኛ ለማጁ በሁለት ነው የሚጽፋት። ስለዚህ ጌታቸው መኩሪያን ሁለት ጊዜ ፈልግ። ብዙነሽን ሦስት ጊዜ። ጥላሁንን አራት ጊዜ። ከስሙ ይልቅ በቁጥሩ መፈለግ ይሻላል። ቁጥር አክሰንት የለውም።

ፍቅሬ ዲሲ፦ የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው»ስ?

ጋሽ መርፌ፦ ካይፋ፣ 1977። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ። የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ላይ ነው ያለው። ሸክላ ሊሞት ሲል የወጣ ስለሆነ የመጀመሪያው እትም ብርቅ ነው። በ2014 እንደገና ታትሟል፤ እሱን ግዛና ስማ። ሰውዬው እኮ እዚያው አንተ ከተማ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረ ነው። ምናልባት አሳፍሮህ ይሆናል።

ናርዶስ፦ ስለ ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሸክላ ቢነግሩን።

ጋሽ መርፌ፦ የመጀመሪያው በ1967 ጀርመን ታተመ። እሳቸው በ2023 ኢየሩሳሌም አረፉ፣ በ99 ዓመታቸው። አዲሱን እትም ግዢ። የድሮውን ያገኘ ሰው ዝም ነው የሚለው።

የገርጂው፦ ጋሼ የመጨረሻ ጥያቄ። አሮጌ የእጅ ግራሞፎን አለን። በሱ ላጫውታቸው?

ጋሽ መርፌ፦ እንኳን ጠየቅክ! አታጫውት! የእጅ ግራሞፎን የብረት መርፌ ነው ያለው፣ ለ78 ብቻ። ክንዱ ከባድ ነው። 45ቱን አንድ ጊዜ ቢነካው እንደ ማረሻ ይገለብጠዋል። ለ78ቱም ቢሆን መርፌዋ የምታገለግለው ለአንድ ፊት ነው፤ ሲያልቅ ትቀየራለች። ለመሆኑ 12ቱ ምንና ምን ናቸው? ይህንን ብትጠይቀኝ እኮ እስካሁን አንድ ሰዓት አውርተን ነበር።

የገርጂው፦ 😅 ነገ ቀለበታቸውን አንብቤ ዝርዝሩን አመጣለሁ።

ጋሽ መርፌ፦ አምጣ። በሉ አራት ሰዓት ሊሞላ ነው።

ቤቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሽዬ ይቅርታ፣ አሉ? እንዳሉኝ መብራት ስር አዘነበልኩት። ቀለበቱ ላይ ኤ፣ ኢ ይላል። ከዚያ አንድ። ከዚያ ሁለት ቁጥር። የመጨረሻው ጭረት አለበት፣ 7 ወይም 1 ነው።

ጋሽ መርፌ፦ መሃለኛው ስንት ነው?

ቤቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ 9 ይመስላል። እማዬ ደግሞ ዘፈኑን አላስታውስም፣ ጀርባውን ግን አስታውሳለሁ ትላለች። አሁን ወጥ ቤት ሆና እያንጎራጎረችው ነው።

ጋሽ መርፌ፦ አታስቁሚያት! ስልክሽን አንሺና ቅረጫት። ሸክላውን አስቀምጪው፣ ማንም አይጥረገው። እኔ ዛሬ አልተኛም፣ ላኪልኝ።