ጥያቄና መልስ፦ በጨቅላ ሕፃን ልብ ዙሪያ መግል ሲቋጠር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ መግሉ ከየት ይመጣል?
መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ በደም ተሸክሞ፤ ከእትብት፣ ከሳንባ፣ ከአጥንት። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው፤ በጨቅላ ላይ ግን ክሌብሲየላንና ኢ. ኮላይን አትርሱ።

ጥያቄ፦ ከተራ ሴፕሲስ (በደም ከተሰራጨ ኢንፌክሽን) በምን ይለያል?
መልስ፦ በስቴቶስኮፕ ብቻ አይለይም። የልብ ድምፅ ከታፈነ ጠርጥሩ፤ አልታፈነም ብላችሁ ግን አትተዉት። መድኃኒት ተጀምሮም የልብ ምቱ በደቂቃ ከ180 አልወርድ ካለ፣ ጉበት ካበጠ፣ እጅና እግር ከቀዘቀዘ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይሠራ።

ጥያቄ፦ ጉበቱ ስላበጠ ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ልስጥ?
መልስ፦ አይሰጥም! በመግል የተጨመቀ ልብ የሚሞላው በደም ሥር ግፊት ነው፤ ላሲክስ እሱኑ ይቀንስበታል። የደም ግፊቱ ከወረደ ኖርማል ሳላይን 10 ሚሊ በኪሎ ስጡ። በማሽን ማስተንፈስም ያው አደጋ አለው፤ ከተቻለ መግሉን ማውጣት ይቅደም።

አንድ አባል፦ የልብ ድካም ቢሆንስ? ላሲክስ እኮ መደበኛ ነው።
ሌላ አባል፦ ኢኮ ሳታይ ድካም ነው ያለህ ማን ነው?
የመጀመሪያው አባል፦ እኛ ጋ ኢኮ የለማ!
መልስ፦ ክርክሩን ለሌላ ቀን። ኢኮ ከሌለ ሕፃኑ ይላክ።

ጥያቄ፦ መግሉን በመርፌ አወጣጡን ቢያብራሩልን?
መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሕፃኑ ከወገብ በላይ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይተኛ። 22 ወይም 24 ጌጅ ካኑላ (በፕላስቲክ ቱቦ የተሸፈነ መርፌ)፣ ባለ ሦስት አቅጣጫ ስቶፕኮክ (መክፈቻና መዝጊያ)፣ 10 ሚሊ ሲሪንጅ አዘጋጁ። ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር በስተግራ ገብታችሁ፣ ከቆዳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ፣ ሲሪንጁን እየሳባችሁ ወደ ግራ ትከሻ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ ዓይናችሁ ኢኮው ላይ ይሁን። ፈሳሽ ሲመጣ መርፌውን አትግፉ፤ የካኑላውን ፕላስቲክ ብቻ አሳልፉና መርፌውን አውጡ። ጥቂት ሚሊ ሲወጣ እንኳ የደም ግፊቱ ሊያንሰራራ ይችላል። ተህዋሲያኑን ለመለየት ፈሳሹን ለግራም ስቴይንና ለካልቸር ምርመራ ላኩ።
ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። መግሉ ወፍራም፣ ፋይብሪን (የሚረጋ የደም ፕሮቲን) የበዛበት ስለሆነ ካኑላው ይደፈናል። «አለቀ» ይባልና ተመልሶ ይሞላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ቀድሞ ይነገረው፤ ማፍሰሻ ቱቦ ወይም በልብ ከረጢት ላይ የሚከፈት መስኮት ያስፈልግ ይሆናል።
ደግሞ የእትብት ካቴተር (በእትብት ደም ሥር የገባ ቀጭን ቱቦ) ያለው ሕፃን ድንገት ሁኔታው ከከፋና ከልቡ ዙሪያ የወጣው ነጭ ከሆነ መግል ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ በካቴተሩ የሚሰጠው የሊፒድ (የስብ) ምግብ ሊሆን ይችላል። በካቴተሩ የሚገባውን ወዲያው አቁሙ፤ የፈሳሹን ስኳርም ለኩ፣ ከፍ ካለ ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱስ? ሴፍትሪያክሶን ይበቃል?
መልስ፦ ክሎክሳሲሊንና ጄንታማይሲን፤ ሜቲሲሊን የማይበግረው ስታፍ ከተጠረጠረ ቫንኮማይሲን። ካልቸሩ ሲመጣ ይስተካከል፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት። ቢጫ ለሆነ ወይም ካልሲየም በደም ሥር ለሚወስድ ጨቅላ ሴፍትሪያክሶን አይሆንም።

ጥያቄ፦ እትብት ላይ ቅቤስ?
መልስ፦ አይደረግም። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ልጁ ደህና አይደለም፣ ምን ላድርግ?
መልስ፦ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ምት፣ የደም ግፊት አልጠቀሳችሁም፤ ምን ብዬ ልመልስ?

ጥያቄ፦ ላሲክስ በትንሽ መጠንስ?
መልስ፦ ከላይ ተመልሷል።