ስልክ እያለ ማርክ 11 ለምን?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነው። አንድ ሻጭ የስዊሱ ሰዓት ፋብሪካ አይደብልዩሲ በ1950ዎቹ የሠራውን ማርክ 11 የፓይለት ሰዓት አቅርቦልሃል። ስልክ ሰዓቱን ከማንም በላይ በትክክል እየነገረን፣ በየቀኑ የሚሞላ አሮጌ ሰዓት ይሄን ሁሉ ሺህ ፓውንድ የሚያወጣው ለምንድን ነው ብለሃል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ ብለህም ጠይቀሃል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔ እዚህ ሎንዶን ሰዓት እጠግናለሁ። ማርክ 11ን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ዘይት ሰጥቼ ገጥሜያለሁ። የራሴንም ለዓመታት አስሬዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ራሱን እየው። ጥቁር ፊት፣ ነጭ ቁጥሮች፣ 36 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ቀፎ። ቀን አያሳይም፣ ወርቅ የለበትም። ለጌጥ ተብሎ የገባ አንድም ነገር አታገኝበትም። ሁሉም የተቀመጠው አንድ ሰው ሥራውን እንዲሠራበት ነው። ያ ሰው የእንግሊዝ አየር ኃይል ናቪጌተር ነው፤ አውሮፕላኑ የት እንዳለ አስልቶ ለፓይለቱ የሚነግረው ባለሙያ።

የዚያን ሰው ሥራ ካላወቅን የሰዓቱ ውበት አይገባንም። ማርክ 11 መሠራት የጀመረው በ1948 ነው። ያኔ ሳተላይት የለም። ሌሊት ውቅያኖስ ላይ ሲበር ናቪጌተሩ በሴክስታንት የኮከብ ከፍታ ይለካል፤ የለካበትን ቅጽበት ይመዘግባል፤ ከዚያ በሠንጠረዥ ያሰላል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ ሰዓቱ 4 ሰከንድ ብቻ ቢዛነፍ፣ ምድር ወገብ አካባቢ ስሌቱ 1 የባሕር ማይል ይስታል፤ 1,852 ሜትር ማለት ነው። ግማሽ ደቂቃ ከተዛነፈ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ነዳጅ እያለቀ ትንሽ ደሴት ለሚፈልግ ሰው 14 ኪሎ ሜትር ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ተመለስና እያንዳንዱን ነገር በዚህ ዓይን እየው። መሙያውን ስትስበው የሰከንድ ቆጣሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለምን? ናቪጌተሩ የሬዲዮ ምልክት ጠብቆ፣ በዚያችው ሰከንድ መልሶ እንዲለቀው። እኔ ዛሬም በቢቢሲ ሬዲዮ 4 የሰዓት ምልክት፣ ሰዓት ሲሞላ በሚሰማው ተከታታይ ድምፅ፣ ነው የማስተካክለው። ግን በድሮው የኤፍኤም ሬዲዮ፤ በኢንተርኔት የሚመጣው ይዘገያል። የመጨረሻዋ ድምፅ ስትመጣ መሙያውን ጫን ማድረግ የሚሰጠውን ደስታ እስካሁን አልጠገብኩትም።

የኋላ ክዳኑን ስትፈታው ማሽኑን ወዲያው አታየውም። ከሥሩ ሌላ ክዳን አለ፣ ከለስላሳ ብረት የተሠራ። የሰዓቱ ፊትም እንደዚሁ ለስላሳ ብረት ነው። ሁለቱ ማሽኑን ከላይና ከታች ይከልሉታል። አውሮፕላኑ ውስጥ ራዳርና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሞልቷል። ከነሱ የሚወጣው ማግኔት የሰዓቱን ፍጥነት የምትቆጣጠረውን ቀጭን ሞላ ካገኛት ሰዓቱ ይረበሻል። ብረቱ ማግኔቱን ወደ ራሱ ስቦ በዙሪያው ያሳልፈዋል። እኔ ይሄን ሰዓት የምወደው በተለይ ለዚህ ነው። ትልቁ ሥራ ያለው ማንም በማያየው ቦታ ነው። መስታወቱም ቢሆን የአየር ግፊት በድንገት ሲወርድ እንዳይፈናቀል በቀለበት ተይዟል። የማሰሪያው ዘንጎች ደግሞ ከቀፎው ጋር አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው፤ ተስፈንጥረው አይወጡም።

ማሽኑ ካሊበር 89 ይባላል፤ አይደብልዩሲ በአልበርት ፔላቶን መሪነት የሠራው ነው። ሌላው የስዊስ ሰዓት ሠሪ ዠዤ ለኩልትርም ለአየር ኃይሉ በራሱ ማሽን ማርክ 11 ሠርቷል። ሁለቱም ግሩም ናቸው፣ ልቤ ግን ወደ 89 ያደላል። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ለጠጋኝ የሚመች ማሽን ነው። ዘይቱ ደርቆ የመጣ 89 ታጥቦ ሲገጠም፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ማሽን በቀን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ሲዛነፍ ታየዋለህ።

እንግዲህ ልግዛው ወይ ላልከው። ሰዓቱ በሺዎች ተሠርቷል፤ ብርቅ የሆነው ሳይነካካ የቆየው ነው። የኋላ ክዳኑ ላይ የመንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያሳይ የቀስት ምልክትና 6ቢ/346 የሚል ጽሑፍ ፈልግ። ከሥሩ መለያ ቁጥርና ዓመት ይኖራል። የአውስትራሊያ አየር ኃይል ከሆነ ከ6ቢ/346 በፊት ጂ የሚል ፊደል አለበት። ጽሑፉ ደብዝዞ ጠርዙ ከተድበለበለ ቀፎው በማሽን ተሞርዷል ማለት ነው። የተሞረደ ብረት አይመለስም፤ ዋጋው ላይ ተከራከር።

ፊቱን በጣም ተጠንቀቅ። የመጀመሪያዎቹ በጨለማ የሚያበራ ራዲየም ተቀብተዋል። በኋላ አየር ኃይሉ ራሱ ብዙዎቹን በትሪቲየም ተክቷል፤ እነዚህ ላይ በክብ ውስጥ ያለች ቲ ፊደል ታያለህ። ሁለቱም የሰዓቱ እውነተኛ ታሪክ ናቸው። ግን መብራት አሳይተኸው ጨለማ ውስጥ ቦግ ብሎ የሚያበራ ከሆነ ቅርብ ጊዜ ሰው ቀብቶታል። ራዲየም የግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ገደማ ነው። ማብራቱን ቢተውም ጨረሩ አለ። ስለዚህ በቤትህ አትክፈተው፤ አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ።

ሻጩን የማሽኑን ፎቶ ጠይቀው፤ የብረት ክዳኑም በፎቶው ውስጥ ይኑር። አንዳንድ ጠጋኝ አውጥቶ ይጥለዋል፣ ያለሱ ደግሞ ማርክ 11 ጎደሎ ነው። አላሳይም ካለ ተወው፣ ሌላ ይመጣል። ካሳየህ ፎቶውን እዚሁ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን። ከገዛኸው ጠዋት ጠዋት ሙላው፣ እምቢ ሲልህ አቁም፣ ከውሃ አርቀው። ማሰሪያውን ከዘንጎቹ ሥር የሚያልፍ ባለ አንድ ወጥ ናይሎን አድርግለት።