ስለ ዶርሙ እሳት ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ

ጡረተኛው፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ የተማሪዎች ዶርም ውስጥ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ እሳት መነሳቱን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ላልሰማ፣ የመጀመሪያው የተነሳው ደረጃ ሥር ካለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። ሁለተኛው አሮጌ ፍራሽ ከተከመረበት መጋዘን፣ የመጨረሻው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለ የሴቶች ክፍል። ሦስቱም ሌሊት ነው። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። የኮሌጁ ማስታወቂያ ምድጃ ሁሉ ተሰብስቧል፣ የኋላው በር ተቆልፏል፣ የተቃጠለው ክፍል ታድሷል፣ ሁለት ተማሪዎች ተጠርጥረው ከዶርም እንዲወጡ ተደርጓል ይላል። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የእሳት መንስኤ በማጣራት ነው። ጠይቁ። ማን እንዳቃጠለው ግን አትጠይቁኝ፣ አላየሁም።

ፍሬሽ፦ ጋሼ፣ በእርስዎ ግምት ማን ነው ያቃጠለው?

ጡረተኛው፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

የልጅ እናት፦ ልጄ እዚያው ዶርም ሁለተኛ ፎቅ ናት፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን ኮሌጁ ክፍሉን በሁለት ቀን ቀለም ቀብቶ ማደሱ አያስመሰግነውም?

ጡረተኛው፦ እህቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ይሄው ነው። የተቃጠለ ክፍል ማስረጃ ነው። እሳት ከታች ተነስቶ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ግድግዳው ላይ እንደ ተዘቀዘቀ የጎጆ ክዳን ያለ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጫፉን ወደ ታች ተከትለው ሲወርዱ ብዙ ጊዜ መነሻው አካባቢ ይደርሳሉ። ሽቦው ላይ መዳቡ ቀልጦ ድቡልቡል ሆኖ ከተገኘ፣ ሲቃጠል ኤሌክትሪክ ነበረው ማለት ነው። ይሄ ብቻውን መንስኤው ኤሌክትሪክ ነው አያሰኝም፣ ግን መነሻውን ለማጥበብ ይረዳል። ቤንዚን ወይ ጋዝ ተደፍቶ ከሆነ ርዝራዡ በወለሉ ስንጥቅና በፍራሹ ሥር ይቀራል። ናሙናው አየር በማያስገባ የቆርቆሮ ወይ የብርጭቆ ዕቃ ታሽጎ ነው ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው። በፌስታል ከያዙት ትነቱ ሾልኮ ያልቃል። እንግዲህ ይሄ ሁሉ በቀለም ተሸፈነ። ያልተቃጠለው ፍራሽ ሳይቀር ተጠርጎ ወጣ። ማደሱ ለሁለት ሳምንት ቢቆይ ማንም አይጎዳም ነበር፤ ልጆቹን ሌላ ክፍል ማስተኛት ነው።

የሠፈር ልጅ፦ ጋሼ፣ የጓደኛዬ ክፍል መስኮቱ በሙሉ ተሰነጣጥቋል። ይሄ ቤንዚን ተደፍቷል ማለት አይደል?

ጡረተኛው፦ አይደለም። ይሄን ነገር በደንብ ስሙኝ፣ ሌላ አገር ሰው የሞተበት ጉዳይ ስለሆነ። ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም የሚባል የቴክሳስ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ቤቱ ተቃጥሎ ሦስት ሴት ልጆቹ ሞቱ። መርማሪዎች የመስታወቱን መሰነጣጠቅና የወለሉን አቃጠል አይተው ተቀጣጣይ ፈሳሽ ተደፍቷል አሉ። ሰውየው ሞት ተፈርዶበት በ2004 ተገደለ። የእሳት ሳይንቲስቶች ምልክቶቹን ሲመረምሩ ያ ድምዳሜ መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኘ። መስታወት እንዲያ የሚሰነጣጠቀው ግሎ ሳለ የማጥፊያ ውሃ ሲረጭበት መሆኑ በሙከራ ታይቷል። ስለዚህ በፎቶ፣ በስንጥቅ፣ በጥቀርሻ ብቻ ሰው አትወንጅሉ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግን ነገሩን አታክብዱት። ዶርም ውስጥ ሁሉም ይቀቅላል። ችግሩ ዲቫይደር ነው፣ አለቀ።

ጡረተኛው፦ ግማሹ ልክ ነህ። የተለመደው የሶኬት መስመር 16 አምፒር ነው፣ በ220 ቮልት 3,520 ዋት መሆኑ ነው። አንድ ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ 2,000 ዋት ሊስብ ይችላል። ሁለት ምድጃ በአንድ ዲቫይደር ከሰካህ መስመሩ አይችልም። ብሬከሩ ሲዘል ደግሞ ሰው በትልቅ ይቀይረዋል፣ ያኔ ሽቦው ራሱ ይግላል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ይሄ ሊሆን ይችላል። ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ግን ሶኬት የለም፣ ፍራሹ መጋዘንም መብራት የለውም አሉኝ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እንግዲያው ሰው ነው ያቃጠለው ማለት ነዋ!

ጡረተኛው፦ አላልኩም! «ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ስለዚህ ሆን ብሎ ያቃጠለ አለ» የሚለው አካሄድ በሙያችን ተቀባይነት የለውም። ቆሻሻው ላይ የቡና ከሰል አመድ ተደፍቶ ሊሆን ይችላል። አመዱ ከላይ በርዶ ውስጡ ፍም ይዞ ሰዓታት ያድራል። የሲጋራ ቁራጭም አለ። ሦስት እሳት በአንድ ወር፣ ሁሉም ሌሊት፣ ሁለቱ ሰው በማያድርበት ቦታ፣ ይሄ አጠራጣሪ ነው። አጠራጣሪ ማለት ይመርመር ማለት ነው።

የሕግ ተማሪ፦ ታዲያ ሁለቱን ልጆች ማስወጣቱስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ እስኪገኝ እንደ ንጹህ ይቆጠራል ይላል።

ፕሮክተር የነበረ፦ ኮሌጁ ፍርድ ቤት አይደለም። ጊዜያዊ እርምጃ መውሰድ መብቱ ነው። አራት መቶ ልጅ የሚያድርበት ሕንጻ ተቃጥሎ ቢሆን ምን ልትል ነበር?

የሕግ ተማሪ፦ ስማቸው ቦርድ ላይ ተለጥፎ ነው እንዴ ጊዜያዊ? ልጆቹ ነገ ነጻ ቢወጡ ያን ወረቀት ከሰው ጭንቅላት ማን ይነቅለዋል?

ፕሮክተር የነበረ፦ አንተ ሌሊት ደወል ሲጮህ ተነስተህ አታውቅም መሰለኝ።

ጡረተኛው፦ ሕጉን ለሕግ ሰው እተዋለሁ፣ እናንተም እዚህ አትጣሉ። እኔ የማውቀው፣ ክፍሉን ቀለም ከቀባህ በኋላ ልጆቹ ጥፋተኛም ይሁኑ ንጹህ ማረጋገጥ ከባድ መሆኑን ነው። ለእነሱም ለኮሌጁም።

ሜክሲኮ፦ ጋሼ እንደምን አሉ፣ ስለ እሳት አደጋ ጠቅላላ ምክር ቢሰጡን?

ጡረተኛው፦ ጥያቄህ ምንድን ነው? ለይተህ ጠይቅ።

የልጅ እናት፦ የኋላውን በር የቆለፉት ሌባና አቃጣይ እንዳይገባ ነው ብለውናል። እኔም እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ጡረተኛው፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ያስከፍቱት። ሌላ ሥራ ቢኖርዎ እንኳ ይሄን ያስቀድሙ። ኬንያ ማቻኮስ ውስጥ ክያንጉሊ የሚባል ትምህርት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዶርሙ በቤንዚን ተቃጠለ፣ 67 ወንድ ተማሪዎች ሞቱ። ከሁለቱ በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር፣ መስኮቶቹም ፍርግርግ ነበራቸው። ጉያና ውስጥ ማህዲያ የሚባል ቦታም በ2023 የሴቶች ዶርም ተቃጥሎ 20 ልጆች አለቁ፤ እዚያም በሩ ተቆልፎ፣ መስኮቱ በብረት ታጥሮ። ሁለቱም ጋ ሰው ነው ያቃጠለው የተባለው። እሳቱን አንድ ሰው ለኮሰው እንበል፣ ልጆቹን ውስጥ ያስቀራቸው ግን ቁልፉ ነው። በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት፣ ከውጭ የማይከፈት ይሁን። እንዲህ ያለ መዝጊያ አለ፣ ብርቅ አይደለም። ጓጉንቸር አይሆንም።

ፕሮክተር የነበረ፦ ቁልፉ እኮ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፣ እሳት ሲነሳ ይከፍታል።

ጡረተኛው፦ ጥበቃው ሽንት ቤት ቢሄድስ? እንቅልፍ ቢጥለውስ? ፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ ጭሱ በደቂቃዎች ውስጥ ራስ ያስታል። በጨለማና በጭስ ማን ነው ጓጉንቸር የሚከፍተው? በሩን ክፈቱ።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ደወሉ በየሳምንቱ በከንቱ ስለሚጮህ ልጆቹ ባትሪውን አውጥተውታል። ችግር አለው?

ጡረተኛው፦ አለው እንጂ! አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሲተን ሆል የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2000 ሌሊት ዶርሙ ተቃጠለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ደወሉ በተደጋጋሚ በውሸት ጮኾ ስለነበር ብዙዎቹ ተማሪዎች አሁንም ውሸት ነው ብለው ተኙ። ሦስት ልጆች ሞቱ። ሁለት ተማሪዎች እሳቱን ማስነሳታቸውን ያመኑት በ2006 ነው፣ ስንት ዓመት ቆይቶ። ግዛቱ ግን ፍርዱን አልጠበቀም። እሳቱ በተነሳበት በ2000 የተማሪ ዶርም ሁሉ ጣሪያው ላይ ውሃ የሚረጭ ማጥፊያ እንዲገጠምለት በሕግ አዘዘ። የእናንተ ኮሌጅ የውሸት ደወሉን ምክንያት ያስጠግን፤ አንቺም ባትሪውን መልሺ።

ፍሬሽ፦ እሳት አደጋ እኮ ሲጠሩት አይደርስም። መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል...

ሜክሲኮ፦ መንገዱ ተዘግቶ ነው እንጂ እነሱ ምን ያድርጉ፣ መኪናው የት ይለፍ?

ፍሬሽ፦ አሁን አራት ኪሎ መንገዱ ሰፍቷል፣ ምክንያት የለም።

ጡረተኛው፦ ስለ መርካቶ ሌላ ቀን። መጀመሪያ 939 ደውሉ። ጥበቃው ለሽፍት ኃላፊው፣ ኃላፊው ለዲኑ እያለ የሚሄደው ደቂቃ ነው የሚገድለው። ማንም ተማሪ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይደውል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ የእሳት ማጥፊያውን ሲሊንደር ለማንኛውም እሳት መጠቀም ይቻላል?

ጡረተኛው፦ አይቻልም። ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ አትርጭ።

ሳሪስ፦ ጋሼ፣ ለመሆኑ ማን አቃጠለው ይላሉ?

ጡረተኛው፦ ሁለተኛ ጊዜ ነው። አልመልስም።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልናገር። ቀለም ቀቢዎቹ ሳይመጡ የተቃጠለውን ዲቫይደር እኔ አንስቼዋለሁ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ልጣለው ወይስ?

ጡረተኛው፦ እንዳትጥዪው! እንዳትጠርጊው፣ ሰክተሽ እንዳትሞክሪው፣ ሽቦውን እንዳታጣምሚው። እንዳለ በንጹህ ካርቶን አድርጊና በፕላስተር አሽጊው። ካርቶኑ ላይ ከየትኛው ግድግዳ ሥር እንዳነሳሽው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አብሮሽ የነበረውን ሰው ጻፊ። ከዚያ ለኮሌጁ ሳይሆን ጉዳዩን ለያዘው ፖሊስ ስጪ፣ መቀበያ ወረቀት ሳትቀበዪ ግን እንዳትመለሺ። ብቻሽን አትሂጂ። የሕግ ተማሪው፣ ነገ ጠዋት አብረሃት ሂድ።

የሕግ ተማሪ፦ እሺ ጋሼ። ሁለት ሰዓት ላይ ግቢ በር ላይ እጠብቃታለሁ።