ካርታው (የጥይት መያዣው) ከወጣ ጠመንጃው ባዶ ነው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለገጣፎ መጋዘን ይጠብቃል። ክላሹን ይዞ ሲገባ ካርታውን ነቅሎ «ባዶ ነው» እያለ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ትናንሽ ልጆች አሉን፤ ልመነው? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ባዶ አይደለም ብለሽ ተነሺ። እኔ የጥበቃ ሥልጠና ስወስድ አሠልጣኛችን ከሁሉ በላይ ያስጨነቁን በዚህ ነበር። ካርታው ሲነቀል ጠመንጃው ቀድሞ የጎረሳት ጥይት በርሜሉ ሥር ትቀራለች፤ ምላጩ ሲሳብ የምትወጣው እሷ ናት። ስለዚህ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ፣ ጣት ከምላጩ ርቆ፣ መጀመሪያ ካርታው ይነቀላል። ከዚያ ማቀባበያው (ጥይት የሚያጎርሰው እጀታ) ወደ ኋላ ተስቦ ውስጡ በዓይን ይታያል፤ ጨለማ ከሆነ በጣት ይዳሰሳል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከካርታው ሌላ ጥይት ይጎርሳል! ይህን አንቺ እንዳትሞክሪው፤ እሱ ራሱ ቤት ሳይገባ፣ ልጆቹ በሌሉበት ያድርገው።

ግድግዳ ላይ መስቀሉ ጨርሶ አይሆንም። ቁልፍ ያለው ሣጥን ይግዛ፣ ጥይቱም ለብቻው ሌላ ቦታ ይቆለፍ። መሣሪያው የድርጅቱ ከሆነ ደግሞ ቤት የሚመጣበት ምክንያት አይታየኝም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂው።