ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ፋን ለሚጮህበት ወንድሜ

አቦ ወንድሜ፣ «ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን ከሚመጣው ፋን የኢንቴሉ ነው የኤኤምዲው ዝም የሚለው? ማታ ስሠራ ልጄን እየቀሰቀሰብኝ ተቸገርኩ» ብለህ ለጠየቅከው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ድሬዳዋ ከዚራ ያለችው የጽሕፈትና የቪዲዮ ሥራ ቤቴ ውስጥ አራት ዴስክቶፕ አለ፤ አራቱም ከካርቶኑ በወጣው ፋን ነው የሚሠሩት።

የመጀመሪያው 10ኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር አይ 5 ነው። ፋኗ ያቺ በአራት የፕላስቲክ ፒን የምትታሰረው፣ ቀጭን አሉሚኒየም ያላት ናት። ጽሑፍ ስተይብ መኖሯም አይታወቅ፤ ቪዲዮ ሬንደር ላይ ስትገባ ግን የደንገጎን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ ትሆናለች። ሁለተኛው የኤኤምዲ ራይዘን 5 3600 ሬይዝ ስቴልዝ ከሚባለው ፋኑ ጋር፣ ሦስተኛው ራይዘን 7 3700ኤክስ ከሬይዝ ፕሪዝም ጋር ነው። አራተኛው 12ኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር አይ 5 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2022 ከመጡት ላሚናር ከሚባሉት ፋኖች አንዱ አለው። ይሄኛው ከድሮዋ የኢንቴል ፋን ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ይሻላል።

አሁን ኤኤምዲ የጻፈውን ቁጥር ካየህ ስቴልዝ 28፣ ፕሪዝም 39 ዴሲቤል ነው። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ ያህል ስለሚመስል ፕሪዝምን ትሸሸዋለህ። እኔ ቤት ግን የሆነው ሌላ ነው። የፕሪዝም ሄትሲንክ (ሙቀቱን የሚስበው ብረት) ትልቅ ነው፣ የመዳብ ቱቦም አለው፤ ስለዚህ ጉልበቱን ሁሉ ሳያወጣ ሥራው ያልቃል፣ ድምፁም ወፈር ያለ «ሹ» ነው። ስቴልዝ ትንሽ ስለሆነ በቀላል ሥራ ዝም ይላል፣ ሲከብድበት ግን ቶሎ ይሮጣል። ፕሪዝም ካለህ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ኤል (ዝቅተኛ ፍጥነት) ላይ አድርጋት፤ የእኔ ስገዛው ኤች (ከፍተኛው) ላይ ነበረች፣ ሁለት ወር በከንቱ ስሰማው ኖሬያለሁ።

ዩቲዩብ ላይ የምታየው ሙከራ ደግሞ ብዙ ጊዜ 21 እና 22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የተሠራ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ነው፤ የእኛ ክፍል ከሰዓት 34 ከሆነ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ከፍ ይላል፣ ፋኑም ይሮጣል። ያንን ስቴልዝ ያለበትን አንዴ ቀዝቀዝ ወዳለችው ሐረር እህቴ ቤት ወስጄው ያው ፕሮጀክት ስሠራበት «ፋኑ ቆሟል እንዴ?» ብዬ ኬዙን ከፍቼ አየሁት። እየዞረ ነበር።

ሌላው፣ ቀን የማትሰማው ድምፅ ማታ የሚገንነው ቀን ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር ስለሚሸፍንልህ ነው። እኔ ያወቅኩት መብራት ሲጠፋ ነው፦ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ዩፒኤስ ላይ የቀረው ኮምፒውተር ብቻውን ሲያፏጭ ቀረ። በስልክ አፕ ልለካ ካልክም ቬንትሌተሩን አጥፋ፣ ስልኩን ለሁሉም እኩል ርቀት ላይ አድርግ። የሚያወጣው ቁጥር ትክክል ባይሆንም አንዱን ከአንዱ ለማወዳደር ይበቃል።

ድምፁን ለይተህ ስማው። «ሹ» ካለ ንፋስ ነው። «ጠር ጠር» ካለ ሽቦ ምላጩን እየነካ ነው። «ሲጥ» ካለ የፋኑ ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው፤ ፋኑን ቀይረው፣ ዘይት ጠብ ማድረግ ብዙ አያቆይም። ያቺ የ10ኛ ትውልዷ ከምትገባው በላይ ስትጮህብኝ ፋኗን ከፈታሁ በኋላ ነው ያየሁት፦ ከሥሯ የአሉሚኒየሙን ጥርሶች አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል፣ ከአራቱ ፒን አንዱም «ቀጭ» ሳይል ቀርቶ ተንጠልጥሏል። እኔው ነኝ የገጠምኩት፣ ማንን ልውቀስ! በጺም ብሩሽ ጠረግኩ፣ በፕሮሰሰሩና በአሉሚኒየሙ መካከል የሚቀባውን ፔስት አዲስ ቀባሁ፣ ፒኑን ተጫንኩ፤ ድምፁ ግማሽ ሆነ። ስትጠርግ ምላጩን በጣትህ ያዘው፣ በአየር እየነፋህ እንዲሽከረከር አትተወው።

የአንተ ራይዘን ከሆነና ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ፋኑ ጤነኛ ነው። የራይዘን ሙቀት ለአንድ ሰከንድ ዘለል ይላል፣ ፋኑም አብሮት ይዘላል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የምትገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ የፋን ማስተካከያው ጋ ገብተህ ፍጥነት ከመጨመሩ በፊት ጥቂት ሰከንድ እንዲጠብቅ አድርገው። ልጅ የሚቀሰቅሰው አንድ ወጥ ጩኸት ሳይሆን ይሄ መነሳትና መውደቁ ነው፤ የእኔም ልጅ ለወጥ ድምፅ ግድ የላትም። የማዘርቦርድህን ስም ጣል አድርግልኝ፣ የት ጋ እንደምታገኘው አሳይሃለሁ።